የእጅና የእግር ወንፈል

መምህር ፈንታሁን ማረፉን የሰማሁት ገሳይ ገበያ ላይ ነው። የድንች ዘር ልገዛ በማለዳ ሄጄ፣ ጆንያውን አሳስሬ የመመለሻ መኪና ስጠብቅ፣ ከደብረ ታቦር የመጣ የሰፈራችን ሾፌር አየኝና ወርዶ ኮፍያውን አወለቀ። ያ ሾፌር ለማንም ኮፍያ የሚያወልቅ ሰው አይደለም።

«መምህር ነው?» አልኩት።

«ዛሬ ረፋድ ላይ» አለኝ። «ያ ሕመም ደገመው አሉ።»

ጆንያዬን ጫነልኝ፣ እኔም ገባሁ። መንገዱን ሙሉ ሊያጽናናኝ ያወራል፤ እኔ የማስበው ግን ሌላ ነው። አንድ ከሰዓት አለብኝ፣ እያልኩ ነበር የማስበው። ትናንት እሱ የራሱን ሰጥቶኛል፤ እኔ የኔን ሳልሰጠው ገሳይ ወጣሁ። ይህን ከሥሩ ጀምሬ ካልነገርኩ ሰውየውም አይታወቅ፣ ዕዳውም አይገባ።

እኔ ጎበዜ እባላለሁ። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው፤ ቁጥር ያስተማረኝ ገበያ ነው። ጡረታ እስክወጣ ደብረ ታቦር ውስጥ የአንድ ኮሌጅ ዘበኛ ነበርኩ። መምህር ፈንታሁን እዚያው ስፖርት ያስተምር ነበር፤ የቅርጫት ኳስ ቡድኑንም የሚያሠለጥነው እሱ ነው። በዕድሜ እበልጠዋለሁ። እሱ አያ ጎበዜ፣ አንቱ ይለኛል፤ እኔ መምህር፣ አንተ እለዋለሁ። እንዲህ ተባብለን ነው የኖርነው።

የቅርጫት ኳስ ሰው ሲባል ረዥም ይመስላችኋል። እሱ ከኔ ትከሻ ብዙም አያልፍም ነበር። ሰዓቱን እጁ ላይ አያስርም፤ ማሰሪያው ከተበጠሰ ዘመን ሆኖታል፤ መዳፉ ውስጥ ይዞ እንደ ጫጩት ገለጥ እያደረገ ያየዋል። ፊሽካ አንገቱ ላይ አለች፤ ሲነፋት ግን ሰምቼ አላውቅም። ሲናደድ ዝም ነው የሚለው። ዝምታው ሲረዝም ልጆቹ ማንም ሳያዛቸው መሮጥ ይጀምራሉ።

ከሁሉ በላይ የሚያስጨንቀው ሰዓት ማካፈል ነበር። ሜዳው አንድ ነው፣ የሚፈልገው ሰው ብዙ ነው፤ ለሱ ቡድን የምትደርሰው ጊዜ ጥቂት ናት። ያችን ጥቂት ጊዜ ይህን ለሩጫ፣ ይህን ለቅብብል፣ ይህን ለውርወራ ብሎ ሲቆራርጣት የበዓል ሥጋ የሚመድብ ሽማግሌ ይመስላል። ሥጋ የሚመድብ ሽማግሌ ግን እኩል ነው የሚያደርገው። መምህር እኩል አያደርግም። «ለሁሉም እኩል ያካፈለ ለማንም አልሰጠም» ይላል። ጥሩ የሚወረውረው ልጅ መወርወር ሲፈልግ ኳሱን ይቀማውና ያስሮጠዋል፤ ሯጩን ያቆመውና ያስወረውረዋል። ልጆቹ ሲያጉረመርሙ፦ «ልምምድ ለጎደለው ነው። ሰው የሚያምርበትን ሲሠራ ይውልና ሠራሁ ይላል» ይላቸዋል። በር ላይ ተቀምጬ ይህን ስንት ጊዜ እንደሰማሁት።

የተጣላነውም የተዋወቅነውም በዚሁ በሰዓት ነው። ከባሕር ዳር ቡድን ጋር ግጥሚያ ነበረባቸው። ከእስቴ የመጣ አንድ ተማሪ ነበር፤ ጉልበቱ የበሬ፣ ሩጫው የፈረስ ነው፤ የቅጣት ውርወራ ላይ ሲቆም ግን እጁ ይከዳዋል። የቅጣት ውርወራ ማለት ጥፋት ሲሠሩበት ብቻውን ቆሞ፣ ማንም ሳይከለክለው የሚወረውራት ናት። የሚከለክለው የለም፣ ሰው ሁሉ ግን ያየዋል። ልጁ ይህን አይችልም። መምህር ሌሎቹን አሰናብቶ ከሱ ጋር ቀረ። የመዝጊያ ሰዓት ደረሰና ቁልፌን እያንቃጨልኩ ሄድኩ።

«አያ ጎበዜ፣ ትንሽ ይታገሱኝ።»

«ሰዓቱ ደርሷል።»

«መድረሱን የሚያውቀው በሩ ነው ወይስ ልጁ?»

«በሩ» አልኩት።

አልተቆጣም። ልጁን ይዞ ወጣ፣ በሩን ቆለፍኩ። ከዚያ ከውጭ በኩል የአጥሩ ግንብ ላይ በጠመኔ ክብ አሰመረና ልጁን እዚያ ላይ ያስወረውረው ጀመር። እኔ ከውስጥ ሆኜ ኳሷ ግንቡን ስትመታ እሰማለሁ። ነገሩ እልህ ነውና አልከፈትኩም፤ እሱም ይክፈቱ አላለም። ለዓይን ያዝ እስኪያደርግ ወረወሩ።

ግጥሚያውን ባሕር ዳሮች አሸነፉ። መምህር ሲመለስ በር ላይ አገኘሁትና እንዴት ሆናችሁ አልኩት። ስለ መሸነፋቸው ምንም አላለኝም። «ልጁ ገባለት» ብቻ አለኝ፣ ሰዓቱን መዳፉ ውስጥ እያገላበጠ። ከዚያ ቀን በኋላ በአጠገቤ ሲያልፍ ሳይቆም አልፎኝ አያውቅም። እኔም በሩን ከመዝጋቴ ቀደም ብዬ እነግረው ጀመር። ከዚያ በላይ አልሰጠሁትም።

ሁለታችንም ጡረታ ወጣን። ቤታችን ጎን ለጎን ነው፤ የሚለየን የባሕር ዛፍ አጥር ነው። ካቻምና በጥቅምት፣ አንድ ጠዋት ሚስቱ የሺ በአጥሩ በኩል ጠራችኝ። ድምጿን ስሰማ ጫማ ሳላደርግ ነው የሮጥኩ። መምህር አልጋው ላይ አለ፤ ቀኝ ጎኑ ግን አይታዘዘውም። ሆስፒታል ወሰድነው። ንግግሩ ብዙም ሳይቆይ ተመለሰ። እጁና እግሩ አልተመለሱም።

እግር የምታሠራው ሀኪም ወጣት ናት፤ ነገሩን ሳታለባብስ ነገረችን። ይህ እግር ቶሎ ካልተሠራበት ይደርቃል፤ የሚመጣው ክረምት ሳይገባ ካልረገጠበት በዚያው መቅረቱ ነው። የሺ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። መምህር ወደ ግድግዳው ዞረ።

ቤት ከገባም በኋላ ከግድግዳው አልተመለሰም። ሀኪሟ ያዘዘችውን አይሠራም። የታመመው እጁ እንዲበረታ የምትጨመቅ ትንሽ ኳስ ሰጥታዋለች፤ እሱ በደህናው በግራው ይዞ ሲጨምቃት ይውላል። ሰው ሲጠይቀው «እየሠራሁ ነው» ይላል። ጠዋት ጠዋት ከአልጋው ወደ ወንበር የማነሳው እኔ ነበርኩ። ክብደት የለውም፤ ዝምታው ነበር የሚከብደኝ።

ሂሩት የምትባል አንዲት ልጅ አለችው፤ አዲስ አበባ ነው የምትሠራ። ልትጠይቀው ስትመጣ ላፕቶፕ ይዛለት መጣች፤ ውስጡ ጨዋታ አለ። ኔትወርክ አይፈልግም፣ መብራት ቢጠፋም ባትሪው ትንሽ ይቆያል። ጨዋታው እንዲህ ነው። አንድ የአሜሪካ ኮሌጅ አለ፤ የቅርጫት ኳስ ቡድን አለው፤ አሠልጣኙ አንተ ነህ። ኳስ አትወረውርም፣ አትሮጥም። የምትሠራው ሰዓት ማካፈል ነው። ለሳምንት ሃያ ሰዓት ይሰጥሃል። ተማሪ ከዚያ በላይ እንዳይለማመድ የዚያ አገር ደንብ ነው አለኝ መምህር። ሃያዋን በሰባቱ ቀን ላይ ትበትናለህ፤ ይህን ለውርወራ፣ ይህን ለመከላከል፣ ይህን ለጉልበት። ጥናትም ከዚያው ላይ ትቆርጥላቸዋለህ፤ ከነሳሃቸው ፈተና ይወድቁና ከቡድኑ ይታገዳሉ። ሳምንቱን ስታስረክብ ግጥሚያ ይመጣል፤ የምታየው ቁጥር ሲለዋወጥና ከሥሩ አጭር ጽሑፍ ሲያልፍ ነው፤ ሌላ ነገር የለውም።

«መምህር፣ ይሄ ጨዋታ ነው እንዴ? ይሄ ሥራህ ነው እኮ» አልኩት።

ሳቀ። ከታመመ ወዲህ ሲስቅ ያየሁት ያን ጊዜ ነው፤ አፉ ወደ አንድ ጎን ሄደ፤ ግን ሳቅ ነው። የሺ ከጓዳ ብቅ ብላ አይታው ተመለሰች።

ሂሩት ወደ ሥራዋ ስትሄድ የሚነካካለት ሰው ጠፋ። ማውዙ በቀኝ በኩል ነው፤ ቀኝ እጁ የለችም። ግራ እጁ ደህና ነበረች። በግራው መንካት እንደማይችል ነገረኝ፤ እንዳመንኩት ነገርኩት። እሽ፣ እኔ እነካልሃለሁ አልኩ። እንግሊዝኛውን እሱ ያነባል፣ የት እንደምጫን ያሳየኛል፣ ቁጥሩን እኔ አውቀዋለሁ። ከሰዓት በኋላ እየሄድኩ አጠገቡ መቀመጥ ጀመርኩ።

እንዲህ ጥቂት ቀን እንደቆየን አየሁት። ዓይኑ ስክሪኑ ላይ ነው፤ ያች የሀኪሟ ኳስ አሁንም ግራ እጁ ላይ ናት፤ ቀኙ እንደ ወደቀ ቅርንጫፍ ጭኑ ላይ ተጋድሟል። ማውዙን ተውኩት።

«ምነው?» አለኝ።

«ወንፈል ነው የምገባ ወይስ በነጻ ነው የማገለግልህ?»

ወንፈል ለማያውቅ ልንገር። ዛሬ እኔ ያንተን ማሳ አርማለሁ፣ ነገ አንተ የኔን ታርማለህ። ክፍያው ጉልበት በጉልበት ነው። ያበደረህ ሰው ቢታመም ዕዳው አይቀርም፤ ቢሞትም ማሳው ይታረማል። የሞተ ሰው ወንፈል የበላ በኛ አገር ፊቱን ሰው አያየውም።

«እኔ ለርስዎ ምን አርምልዎታለሁ፣ በዚህ እግር?» አለኝ።

«ያንኑ እግር። እኔ ለጨዋታህ እጄን የሰጠሁህን ያህል አንተ እግርህን ትሰጠኛለህ። ሀኪሟ ያለችውን እኔ ፊት ትሠራለህ። ካልሆነ የአሜሪካን ልጆች አሠልጣኝ ይፈልጉላቸው።»

«ይሄ ማስፈራራት ነው።»

«ነው። ደግሞ ያች ኳስ የታዘዘችው ለየትኛው እጅህ ነው? ልምምድ ለጎደለው ነው ያለው ማን ነበር?»

ዝም አለ። ያ ዝምታው ልጆቹን የሚያስሮጣቸው ነው፤ እኔ ግን ሯጭ አይደለሁም፣ ተቀመጥኩ። ቆይቶ ኳሷን በግራው አንስቶ ቀኝ መዳፉ ላይ አስቀመጣት። ወደቀች። አነሳሁለት። ወደቀች። ያን ከሰዓት የኔ ሥራ ኳስ ማንሳት ነበር፤ የቡድኑ ሳምንት ሳይከፈል ዋለ።

እንዲህ አድርገን ኅዳርንና ታኅሣሥን ገፋን። መጀመሪያ እጅ፣ ከዚያ እግር፤ ወንበር ይዞ መቆም፣ በክራንች ተደግፎ መራመድ። ይሰድበኛል፣ አያ ዘበኛ ይለኛል፣ ላቡ በአፍንጫው ይወርዳል። ሲጨርስ እጄን ማውዙ ላይ አደርጋለሁ፣ ያኔ እሱ አዛዥ እኔ ታዛዥ ነኝ።

በቡድኑ ውስጥ አንድ ረዥም ልጅ ነበር። ስሙን እኔ ማንበብ አልቻልኩም፣ መምህርም ሲጠራው ይደናቀፋል። ቁመቱን ሲነግረኝ እንደ ተራራችን ጉና ይሁን አልን፤ ከዚያ በኋላ ጉና ሆኖ ቀረ። ጉና ኳስ ይነጥቃል፣ ይከላከላል፤ የቅጣት ውርወራው ግን የእስቴው ልጅ ወንድም ነው። ቁጥሩ አያሳፍርም አልልም፣ ያሳፍራል። መምህር በየሳምንቱ ከሃያዋ ላይ ቆርሶ ለዚያ ይሰጠዋል። ቁጥሩ ፈቅ አይልም።

«ይሄ ልጅ በቃው» አልኩት አንድ ቀን። «ጭንጫ ላይ ዘር መበተን ነው። ለሌሎቹ እናድርገው።»

«ይሰጠው።»

«ምን ሊያደርግለት? ከመጣን ጀምሮ ፈቅ አላለም እኮ።»

«አያ ጎበዜ፣ የኔ እግርስ ፈቅ ብሏል?»

ለጉና ሰጠሁት።

ከዚያ ጥር መጣ። አንድ ከሰዓት መድኃኒቱ እንቅልፍ ጣለበትና የሳምንቱን ድርሻ ሳይነግረኝ ተኛ። አሠራሩን ለምጄዋለሁና ራሴ ልጨርሰው ብዬ ቀኖቹን ማየት ጀመርኩ። ሳምንቱ የጥምቀት ሳምንት ነው። ጥምቀት አለ፣ በማግስቱ ቃና ዘገሊላም ሚካኤልም ነው፣ እሑድ ያው ሰንበት ነው። እኔ በሕይወቴ በሚካኤል ሞፈር አላነሳሁም። ሦስቱን ቀን ባዶ አድርጌ የቀረውን እንደ ወትሮው አካፈልኩና ሳምንቱን አስረከብኩ። የተረፈችው ሰዓት ተረፈች።

ግጥሚያው ሲመጣ፣ ከዚያ በፊት በሰፊው ያሸነፍነው ቡድን እንደ ልጅ ቀጣን። መምህር ነቅቶ ቁጥሩን አየ፣ ወደ ኋላ ይመልሱ አለኝ፣ መለስኩ።

«እነዚህን ቀኖች ማን ባዶ አደረጋቸው?»

«እኔ።»

«ለምን?»

«ጥምቀት ነዋ። ሚካኤል ነዋ።»

«አሜሪካ ላይ?»

«ሚካኤል አሜሪካ ላይ የለም አልክ?»

ቀኖቹን ደግሞ አያቸው። «የልጆቹን ሃይማኖት በምን አወቁ አያ ጎበዜ?»

«የኔን አውቃለሁ። የሚጫነው የኔ እጅ ነው።»

ይቆጣል ብዬ ነበር። ወንበሩ ላይ ደገፍ ብሎ ዓይኑን ጨፈነና፣ «እሽ» አለ። «በበዓል ሥራ የለም ካሉ የለም። እንግዲህ የኔም እግር በዓል ያክብር።»

ቀልድ መስሎኝ ነበር። በነጋታው ልምምድ ስለው የማን በዓል እንደሆነ ነገረኝ። ከዚያ በኋላማ ልደታ ነው፣ አቦ ነው፣ ሥላሴ ነው፣ ኪዳነ ምሕረት ነው፣ ገብርኤል ነው፤ ቄስ የማያስታውሰውን ሁሉ አስታወሰ። የሺ እንዲህ አለችኝ፦ «አያ ጎበዜ፣ ከተጋባን ጀምሮ በየበዓሉ ሲቆፍር፣ ሲፈልጥ፣ በዓል መሆኑን የሚሰማው ከኔ ነበር። አሁን ምን አገኘው?» ያገኘውማ እኔን ነው። በገዛ ደንቤ አስሮኛል። በዓሉን አልፌ ሥራ ልለው አልችልም፤ ደንቡን ብሽር ደግሞ የአባቴ ልጅ አይደለሁም።

በዚህ መሃል እግሩ ወደ ኋላ መሄድ ጀመረ። ሀኪሟ አይታው ራሷን ነቀነቀች። ምን ሆናችሁ፣ ደህና ጀምራችሁ አልነበረም ወይ አለች። መምህር ወደኔ አየ፤ እኔ መስኮት አየሁ። ክረምቱ ሩቅ አልነበረም።

የንስሐ አባቴ ዘንድ ሄድኩ። ነገሩን እንዳለ ነገርኳቸውና፣ አባ፣ የታመመ ሰው እግሩን ማንሳት በበዓል ሥራ ነው ወይስ አይደለም አልኳቸው።

«መጻጉዕ የዳነው በምን ቀን ነው?» አሉኝ።

«በሰንበት።»

«ታዲያ ምን ትጠይቀኛለህ?»

እሱ ለእግሩ ነው፤ ኳሱስ አልኳቸው። የምን ኳስ አሉኝ። አስረዳኋቸው። እየሰሙ ጭራቸውን ከግራ ቀኝ ወዘወዙ፤ ዝንብ አልነበረም። ሜዳው የት ነው ያልከኝ አሉ። ኮምፒውተር ውስጥ ነው አልኳቸው። «እሱን ከራስህ ጋር ተማከር» አሉና ተነሡ።

ከራሴ ጋር ተማከርኩ። እግር ሕክምና ነው፣ በበዓልም ይሠራል። ጨዋታው ሥራ ነው፣ በበዓል አልነካም። ይህን ለመምህር ስነግረው ትንሽ አሰበና ግራ እጁን አገጩ ላይ አደረገ። «ስለዚህ በበዓል እኔ እግሬን እሰጣለሁ፣ እርስዎ እጅዎን አይሰጡም። ዕዳ እየገቡ ነው አያ ጎበዜ።»

«በሥራ ቀን እከፍላለሁ።»

«ብዙ በዓል አለ» አለኝ፣ ደስ ብሎት። ልቡን ያነሳሳው ይኸው ይመስለኛል። ሰው ዕዳ ሲኖርበት ይታመማል፤ ሰው ሲበደረው ግን ይድናል። ከዚያ በኋላ በበዓል ቀን እኔ ሳልጠራው ነው ወንበሩን ይዞ የሚቆመው። ሚካኤል ነው፣ ይምጡ ዕዳዎን ይቁጠሩ ይለኛል በዓይኑ። በሥራ ቀን ደግሞ ያለብኝን እየደራረብኩ እሰጠዋለሁ፤ የቡድኑ ሳምንት ባንድ ከሰዓት ሁለት ሦስት ይሄዳል።

መጻጉዕ ዕለት ተነሥቶ ሄደ ብዬ ብጽፍ ያምርልኝ ነበር። እንዲያ አልሆነም። ከመጻጉዕ በኋላ ነው፣ ተራ ማክሰኞ ቀን። የሺ በረንዳው ሥር ብቅል አስጥታ ገበያ ወጥታለች። እኔ አጥሬን ሳስር አንዲት ዶሮ ብቅሉ ላይ ወጣች። «እሽ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ ከዚያ የክራንች ኳኳታ። ቀና ስል መምህር ብቅሉ መሃል ቆሟል፤ ዶሮዋ አጥር ላይ ናት። የረገጠው በቀኙ ነው። እሱም አላወቀው ነበርና ወደ ታች እግሩን አየ።

«አያ ጎበዜ» አለኝ፣ «ይሄ ይቆጠራል?»

«ሰው ሳያዝዝህ የሠራኸው ወንፈል ውስጥ አይገባም» አልኩት። ከዚያ አጥሩን ዘልዬ ያዝኩት፤ እንዳይወድቅ ነው።

ክረምቱ ሲገባ በክራንቹ የኔ ቤት ድረስ ይመጣ ነበር። የመጀመሪያ ቀን ሲመጣ ጠላ አቀረብንለት፤ አልቆይም፣ እግሬን ላሳያችሁ ነው የመጣሁ አለና ቁጭ ብሎ አመሸ። መስከረም ላይ ኮሌጁ ድረስ አብረን ሄድን። ልጆች ሲለማመዱ ማየት ፈልጎ ነው። በሩ ላይ ያለው አዲስ ዘበኛ ሰዓት አልፏል ብሎ መለሰን። እኔ ልጣላው ስል መምህር ክንዴን ያዘኝ፣ በቀኝ እጁ። «ተዉት» አለኝ። «ጥሩ ዘበኛ ነው። እንደርስዎ ደረቅ ነው።» አጥሩ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጠን የኳሷን ድምፅ ሰማን። ሰዓቱን ከኪሱ አውጥቶ መዳፉ ውስጥ ያዘው። ጊዜው ሲደርስ ድምፁ ቆመ፤ እኛም ተነሥተን ሄድን።

እንዲህ ሌላ ዓመት ኖርን። በጨዋታው ውስጥ ዓመቶቹ ከኛ ይፈጥናሉ፤ ጉና አራተኛ ዓመቱን ጨረሰ። የመጨረሻ ግጥሚያው ሲቀር ግንቦት ልደታ ሆነ። ከሰዓት ሄድኩ። መምህር እግሩን ሠራ፤ እስከ በሩ ሄዶ ተመለሰ፣ ደከመኝ አላለም። እኔ ማውዝ አልነካሁም፣ በዓል ነው።

«ነገ ይመጣሉ?» አለኝ።

«ነገ ገሳይ ነኝ፣ ለዘር። ከነገ ወዲያ።»

«የጉና የመጨረሻው ነው። ሳምንቱ ሳይከፈል እንዳይቀር።»

«ከነገ ወዲያ አልኩህ።»

«ዕዳ አለብዎት» አለኝ፣ በሩን ይዞ ቆሞ። ቆሞ ነው የሸኘኝ።

የቀረውን ነግሬያለሁ።

ተዝካሩ የሰኔ ሚካኤል ዋዜማ ዋለ። ሂሩት በማግስቱ ከቀትር በኋላ ወደ አዲስ አበባ ተመላሽ ናት፤ ላፕቶፑን ይዛው ትሄዳለች አለችኝ የሺ። ያን ቀን ደግሞ ሚካኤል ነው፣ ያውም የሰኔ። አድሬ ከቅዳሴ ወጣሁና ጋቢዬን እንደለበስኩ በቀጥታ እነሱ ቤት ገባሁ። ሂሩት ልብሷን እያጣጠፈች ነበር።

«ያን ክፈችልኝ» አልኳት።

የሺ ከጓዳ ወጣች። «አያ ጎበዜ፣ ዛሬ ሚካኤል ነው እኮ።»

«አውቃለሁ።»

የሺ ወንበሩን አቀረበችልኝ። የሱን ሳይሆን የኔን ነው ያቀረበችው፤ የሱ እዚያው ባለበት ቀረ። ሂሩት ከፍታ አጠገቤ ቆመች፣ እያነበበች ነገረችኝ። ሳምንቱ እንዳለ ባዶ ነው፤ ሃያው ሰዓት አልተነካም። የጥናቱን ቆረጥኩ፣ ፈተና እንዳይወድቁ። ለመከላከል ጥቂት አደረግኩ። የቀረውን ሁሉ በየቀኑ፣ ቅዳሜውንም እሑዱንም ሳልተው፣ ለጉና የቅጣት ውርወራ ሰጠሁ።

ሂሩት ቁጥሩን አየችው። «አባባ ጎበዜ፣ ይሄ ልጅ እኮ ተመራቂ ነው። ከዚህ ግጥሚያ በኋላ የለም። ምን ሊያደርግለት ነው?»

«ይሰጠው» አልኳት።

ተጫንኩ። ግጥሚያው መጣ። ቁጥሮቹ መሄድ ጀመሩ፤ ሂሩት አለፍ አለፍ እያለች ታነብልኛለች። አልሆነልንም፤ ከመጀመሪያው ቀደሙን፣ አልደረስንባቸውም። ሊያልቅ ሲል ጉና ላይ ጥፋት ተሠራበት አለችኝ። ሁለት ውርወራ ተሰጠው። የመጀመሪያዋ ሳተች። እጄን ከማውዙ ላይ አነሳሁና ጭኔ ላይ አደረግኩት።

ሲያልቅ ሂሩት ማሽኑን አጥፍታ ጠቀለለችው። እኔም ጋቢዬን አስተካክዬ ተነሣሁ። የሺ በሩ ላይ ቆማ ነበር።

«እንዴት ሆናችሁ?» አለችኝ።

«ልጁ ገባለት» አልኳት።